መጨረሻ የወጣው ቡድን ምን ይዞ ይመለሳል?

ስለ ሬዚደንት ሐኪሞች የኢንተርኔት የጥያቄና መልስ ውድድር ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ

ጋባዦቼ ስለ ሕክምና ትምህርት እንድናገር ሲጠይቁኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ተዉልኝ። እኔም ከሰፊው ጉዳይ መካከል ቀልድ የሚመስለውን አነሣሁ፤ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች በየሆስፒታላቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚገጥሙትን የጥያቄና መልስ ውድድር። "ሐኪም በሽተኛውን ይይ እንጂ የምን ጨዋታ ነው?" የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም የመጣሁት እሱኑ ለመመለስ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እንዲህ ያለው ውድድር ለሐኪሙም ለታካሚውም የሚበጅበት መንገድ አለ፤ ሰዓት ከመብላት የማያልፍበትም መንገድ አለ። ሁለቱን ለመለየት ዋንጫውን ማን ወሰደ ብሎ መጠየቅ ብዙም አይረዳም። መጨረሻ የወጣው ቡድን ወደ ዋርዱ ሲመለስ ምን ይዞ ተመለሰ ማለት ይሻላል። በመጀመሪያ ውድድሩ ምን እንደሚመስል፣ ተለምዶ የቆየበትን አሜሪካን ይዤ በአጭሩ እናገራለሁ። ከዚያ መጠየቅ ለምን እንደሚያስተምር አወራለሁ፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁና ታገሡኝ። ቀጥዬ ነገሩ የት የት እንደሚበላሽ፣ በስተመጨረሻም እኛ ብንሞክረው ምን መልክ መያዝ እንዳለበት አነሣለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሬዚደንት የምንለው የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ሐኪም ከተባለ በኋላ በአንድ ዘርፍ፣ በውስጥ ደዌ ይሁን በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት ወይም በማሕፀንና ፅንስ ሕክምና፣ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚሠለጥነውን ነው። በአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሥልጠና 3 ዓመት፣ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና 5፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና 7 ዓመት ይወስዳል። ትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ውስጥ በእኩለ ሌሊት ሕመምተኛ ይዛችሁ ስትሮጡ የሚቀበላችሁ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ተማሪም ነው፣ ሠራተኛም ነው። አሜሪካኖች ከ2003 ጀምሮ የሬዚደንት የሥራ ሰዓት በአማካይ በሳምንት ከ80 እንዳይበልጥ ወስነዋል። የእኛ የሠራተኛ ሕግ መደበኛውን ሳምንት በ48 ሰዓት ሲገድብ፣ እዚያ ደግሞ 80 ሰዓት እንደ እፎይታ ተቆጥሮ ነው የተደነገገው። እንግዲህ ይህ ሰው መቼ ያነባል? የጥያቄና መልስ ውድድር ወደ ሬዚደንቶች ዓለም የገባው በዚህች ቀዳዳ ይመስለኛል። ለመጽሐፍ ጊዜ የሌለው ሰው ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አያጣም።

በጣም ከታወቁት ውድድሮች አንዱ የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ የሚያካሂደው "ዶክተርስ ዲሌማ" ነው። ኮሌጁ በ1915 የተመሠረተ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር ነው። ሬዚደንቶች ከየሥልጠና ፕሮግራማቸው ቡድን አዋቅረው መጀመሪያ በየክፍለ ግዛታቸው ይጋጠማሉ፤ ያሸነፉት በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ መድረክ ላይ ይወጣሉ። አጨዋወቱ ከ1964 ጀምሮ አሜሪካኖች በቴሌቪዥን ከሚያዩት "ጄፓርዲ" ጋር ይመሳሰላል። አሸናፊው የሚወስደው ዋንጫ በታላቁ ሐኪም በሰር ዊልያም ኦስለር ስም የተሰየመ ነው፤ ወደዚህ ሰው በኋላ እመለሳለሁ። የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ከሬዚደንሲ በላይ ላሉ ሠልጣኞች ተመሳሳይ ውድድር አለው። የእነሱ ለርእሳችን ይበልጥ ይቀርባል፤ የመጀመሪያው ዙር በኢንተርኔት የሚሰጥ ፈተና ነው። ከየአገሩ ማዕዘን ያሉ ፕሮግራሞች ካሉበት ሆነው ይፈተኑና ከፍተኛ ውጤት ያመጡት አምስቱ ብቻ ወደ መድረኩ ይጠራሉ።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ብዙ ነገር ተቀየረ። የሐኪሞች ኮሌጅ ራሱ ሎስ አንጀለስ ሊያደርገው የነበረውን የዚያን ዓመት ጉባኤ ሰረዘ። የየሆስፒታሉ የጠዋት ትምህርት ወደ ዙም ዞረ፤ አስተማሪው ካሜራቸውን ያጠፉ ተማሪዎችን ስም እያነበበ ብቻውን ሲያወራ ስለከረመ ቢያንስ ማን ነቅቶ እንዳለ ለማወቅ እንደ ካሁት ያሉ የጥያቄ መተግበሪያዎችን ያዘ። ሆኖም ሐሳቡ ከወረርሽኙ ይቀድማል። በበርሚንግሃም የሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ለውስጥ ደዌ ሬዚደንቶቹ "ካይዘን" የተሰኘ የኢንተርኔት የጥያቄ ጨዋታ ሠርቶ ነበር። ሬዚደንቶቹ በኢሜይል ለሚደርሷቸው ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ፣ ነጥብ ያጠራቅማሉ፣ በቡድን ይፎካከራሉ። አዘጋጆቹ በ2014 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው ሬዚደንቶቹን ወደ ጨዋታው የሳቧቸው የፉክክሩ ሥርዓትና በየቀኑ ከጥያቄ ጋር የሚመጣው ኢሜይል ነበሩ።

የውድድሩ መልክ ይህ ነው። አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ መጠየቅ ለምን ያስተምራል?

ብዙዎቻችን ፈተናን የምናውቀው እንደ መለኪያ ብቻ ነው። ተማሪው አጥንቶ ይመጣል፣ ፈተናው ያወቀውን ይለካል፣ በዚያው ያበቃል። ትምህርት ያለው ከፈተናው በፊት ነው ብለን ስለምናስብ ፈተናው ራሱ ያስተምራል ቢሉን አናምንም። በ2006 ግን በሴንት ሉዊስ ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ፣ ቀላል ሙከራ አድርገው ውጤቱን አሳተሙ። ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። ከዚያ አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ከሌላው ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ከራሳቸው ፈልገው ካወጡት ግን 56 በመቶ ያዙ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው ለዚያች አምስት ደቂቃ ስለሚሠራ ነው። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ተማሪ ጠዋት ያልፋል፤ ስላለፈም ዘዴው ትክክል ይመስለዋል። ሐኪም ግን የሚፈተንበትን ቀን አያውቅም። ዛሬ ያነበበውን በሽታ የያዘው ሰው ከስምንት ወር በኋላ በሌሊት ይመጣል።

"ይህ የኮሌጅ ተማሪ ነገር ነው፣ ሐኪሙስ?" ብትሉ መልስ አለኝ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሙ ዳግላስ ላርሰንና ባልደረቦቹ በሕፃናትና በድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንቶች ላይ ሞክረውት በ2009 አሳትመዋል። ስለ ሁለት ርእሶች አስተማሯቸው፤ አንዱ የሚጥል በሽታ አልቆም ብሎ ሲቀጥል የሚደረገው ሕክምና፣ ሌላው ጡንቻን የሚያዝለው ሚያስቴኒያ ግራቪስ። እያንዳንዱ ሬዚደንት አንዱን ርእስ በተደጋጋሚ ተፈተነበት፣ ሌላውን በማጠቃለያ ወረቀት ደጋግሞ አነበበው። ፈተናውም ንባቡም የተደረገው ወዲያው ከትምህርቱ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ነበር። ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ በተሰጠው የመጨረሻ ፈተና፣ በተፈተኑበት ርእስ 39 በመቶ፣ ባነበቡት 26 በመቶ አመጡ።

የ13 ነጥብ ልዩነት ትልቅ ነው። እኔን ግን ከልዩነቱ ይልቅ 39 ያለው ቁጥር ያሳስበኛል። የተሻለው ዘዴ እንኳ ከግማሽ በታች ነው ያስቀረው! ስለዚህ በዓመት አንዴ ተሰብስቦ ዋንጫ መሻማት ለማስታወስ የሚያደርገው አስተዋጽኦ ትንሽ ነው። ጥያቄው መመላለስ አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ያለሱ ጥያቄ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት ሥርዓቱ ትዝ ይላችኋል። ጠያቂው "እንቆቅልህ" ይላል፣ ተጠያቂው "ምን አውቅልህ" ይላል። ጥያቄው ይመጣል፤ ተጠያቂው ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ደግሞ ይገምታል። ካቃተው አገር ይሰጣል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ከሰጠ በኋላ ነው መልሱን የሚሰማው። አገሩን ሰጥቶ የሰማትን መልስ የረሳ ልጅ አላውቅም። አያቶቻችን ጥናት ሳያሳትሙ ሦስቱንም ይዘውታል፤ መልስ ከመስማት በፊት መሞከር ግዴታ ነው፣ መሳሳት ጥቂት ያስከፍላል፣ የተሳሳተም መልሱን ሳይሰማ አይነሣም። ብዙ የኢንተርኔት ውድድሮች ሁለቱን ይዘው ሦስተኛውን ይጥሉታል። ሰዓቱ ያልቃል፣ ቀይ ምልክት ይመጣል፣ ቀጣዩ ጥያቄ ይከተላል። የተሳሳተው ሐኪም ለምን እንደተሳሳተ ሳያውቅ ከነስሕተቱ ይሄዳል። ማብራሪያ የሌለው ጥያቄ ለሬዚደንት ባይቀርብ እመርጣለሁ።

አሁን ከሁሉ የምወደውን ማስረጃ ላምጣ፤ ከሐኪሙ አልፎ ታካሚው ጋ የደረሰ ነውና። ፕራይስ ከርፉት የሚባሉ የሃርቫርድ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ጥያቄን በጊዜ እያራራቁ በኢሜይል መላክን ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። በ2014 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ከ100 የሚበልጡ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ባለሙያዎችን ይዟል። ሬዚደንቶች ሳይሆኑ በሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ለአንደኛው ቡድን ስለ ደም ግፊት ሕክምና 32 ጥያቄዎች በጨዋታ መልክ ቀረቡለት። በየሦስት ቀኑ አንድ ጥያቄ በኢሜይል ይመጣል። የተሳሳቱት ጥያቄ ከ12 ቀን በኋላ፣ የመለሱት ከ24 ቀን በኋላ ይመለሳል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ በትክክል የተመለሰ ጥያቄ በቃው ተብሎ ይሰናበታል። እያንዳንዱም ከባልደረቦቹ አንጻር የት እንዳለ ያያል፤ ፉክክሩ እዚያ ላይ ነው። ሌላው ቡድን ያንኑ ትምህርት በኢንተርኔት ተለጥፎለት አገኘው።

ተመራማሪዎቹ የሐኪሞቹን ውጤት ብቻ አይተው አላቆሙም። ከ14,000 በላይ የሆኑ የደም ግፊት ታካሚዎቻቸውን መዝገብ አገላበጡ። የተወዳደሩት ሐኪሞች ታካሚዎች ግፊታቸው ወደሚፈለገው ልክ ለመውረድ የፈጀባቸው መካከለኛ ጊዜ 142 ቀን ሲሆን፣ የሌሎቹ 148 ቀን ነበር።

ልዩነቱ ስድስት ቀን ነው። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምታወራው የሚል ካለ አልቀየመውም። ተአምር አይደለም። ግን አስቡት፤ የደም ግፊት ታካሚው ኢሜይሉን አላየም፣ ጥያቄውን አልመለሰም፣ ውድድር መኖሩንም አያውቅም። የተለወጠው የሐኪሙ የሁለት ደቂቃ ልማድ ነው። ሁለተኛው ቡድንም ቢሆን ከትምህርት አልተከለከለም፤ ያው ትምህርት ከፊቱ ነበር። ልዩነቱ የአንደኛው ትምህርት እየመጣ በር ማንኳኳቱ፣ የሌላው ተቀምጦ መጠበቁ ነው። አንድ መድኃኒት ሳይጨመር፣ አንድ ማሽን ሳይገዛ የተገኘን ስድስት ቀን እኔ አልንቅም።

ታዲያ ፉክክሩ ራሱ ምን ይሠራል? የኔ ግምት ይህ ነው፤ ፉክክር አያስተምርም፣ ይጠራል። የሚያስተምረው ከትውስታ መልስ መፈለግ፣ ማብራሪያውና መመላለሱ ነው። ግን የደከመ ሐኪም ለማስተዋወቂያ ኢሜይል ዐይኑን አይገልጥም፤ "ጎረቤት ሆስፒታል በሦስት ነጥብ በልጧችኋል" ሲሉት ይገልጣል። እንዲህ ያለ ነገር በእጅ ሥራም ታይቷል። ያው ከርፉት በተሳተፉበት ሌላ ጥናት፣ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች የሮቦት ቀዶ ጥገና መለማመጃ ማሽን እያላቸው ብዙም ሳይነኩት ቆይተው፣ ውድድር ሲታወጅ ወደ ማሽኑ መመላለስ አበዙ። ማሽኑ ያው ነበር፤ መድረስ ያለበት ሰው ነው የደረሰው።

ወደ ሦስተኛው ክፍል አልፋለሁ፤ ነገሩ የሚበላሽበት።

መጀመሪያ የማነሣው ፍጥነትን ነው። በኢንተርኔት የጥያቄ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የመለሰ የበለጠ ነጥብ ያገኛል። ለመድረክ ድምቀት ጥሩ ነው። ልቡ ለቆመ ሰው ሐኪም በሴኮንድ ማሰብ አለበት፣ እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የውስጥ ደዌ ሥራ እንዲህ አይደለም። ብዙ የምርመራ ስሕተት የሚመጣው ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሐሳብ ይዞ ሌላውን መፈለግ ሲያቆም ነው። ቶሎ ለገመተ ሽልማት የሚሰጥ ጨዋታ ደግሞ ይህንኑ ጠባይ ያለማምዳል። የሰዓት ነጥብ የተጨመረው መልስ ከመጽሐፍ እንዳይፈለግ ለመከልከል እንደሆነ አውቃለሁ፤ መድኃኒቱ ግን ከበሽታው የባሰ ይመስለኛል።

እመለሳለሁ ያልኋችሁ ኦስለር እዚህ ይመጣል። የዚያ ዋንጫ ስም ባለቤት የሚታወቀው ተማሪን ከአዳራሽ አውጥቶ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ በማቆሙ ነው። በ1889 በተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሬዚደንሲን ሥልጠና መልክ ካስያዙት አንዱ ነው። የዚህ ሰው ስም ያለበት ዋንጫ ጀርባውን ለሕመምተኛው ሰጥቶ ቁልፍ ቶሎ ለተጫነ ቡድን መሰጠቱ ፈገግ ያሰኘኛል። ከፍጥነቱ ሌላ፣ የጥያቄው አበሳ ሲመጣ ተቀነባብሮ መምጣቱ ነው። "ዕድሜ 54፣ ለሦስት ሳምንት ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ" ብሎ የጻፈው ሰው ከሥራው ግማሹን ሠርቶልሃል። የእኛ ታካሚ እንዲህ ብሎ አይመጣም። "ምች መትቶኛል" ይላል። ደረቱን ይዞ ያላበው ሰውዬ "ጨጓራዬ ነው፣ ትናንት ሽሮ በርበሬው በዝቶ ነበር" ይላል፤ ልቡ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ያለበት ሐኪሙ ነው፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚባል ምርጫም ከፊቱ የለም። በጥያቄና መልስ አንደኛ የወጣ ሬዚደንት ታካሚን ማዳመጥ ይችላል ማለት አይቻልም። አይችልም ማለትም አይቻልም፤ ውድድሩ ስለዚህ ጉዳይ አንዳች አይነግረንም።

ሁለተኛው ማሳፈር ነው። ሐኪሞች በየአልጋው በሚዞሩበት ራውንድ ላይ ሲኒየሩ በሕመምተኛው ፊት በጥያቄ ያፋጠጠው ሐኪም ከመልሱ ይልቅ ላቡን ያስታውሳል። የኢንተርኔት ውድድር ጥቅሙ መሳሳትን ቀላል ማድረጉ ነበር፤ የደረጃ ሰንጠረዡ ከነስማቸው ከተለጠፈና የሥልጠና ኃላፊው ለዓመት ምዘና ከተጠቀመበት ግን ያው ራውንድ በስልክ መጣ ማለት ነው። ብዙ ሬዚደንት ያለው ነባር ፕሮግራምና አምስት ሬዚደንት ያለው አዲስ ፕሮግራም በጠቅላላ ነጥብ ቢደረደሩ ደግሞ ውጤቱ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል።

ሦስተኛው አዲስ ነው። በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ወጣ፤ በ2023 መጀመሪያ የታተመ ጥናት የአሜሪካን የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና ለማለፍ በሚያስችለው ነጥብ ላይ ወይም አቅራቢያ መድረሱን አሳየ። ከቤቱ ሆኖ የሚወዳደር ሰው ጥያቄውን ለማሽኑ ቢሰጠው ማን ያያል? አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ውድድሩ ሞተ ይላሉ። ደረጃ ለማውጣት የተዘጋጀ ከሆነ እኔም ሞቷል እላለሁ። ለመማር የተዘጋጀ ከሆነ ግን ማሽን ያስመለሰ ሰው አገሩን ሳይሰጥ መልሱን ሰማ፤ የጎዳው ራሱን ነው፣ በሚቀጥለው ወርም ያው ጥያቄ ሲመለስ ያው ባዶ እጁን ይገናኘዋል። ሽልማቱ ትንሽ በሆነ ቁጥር ለማጭበርበር ያለው ፍላጎትም ያንሳል። ስለዚህ ለአዘጋጆች የምለው፣ ገንዘብ አትሸልሙ።

የመጨረሻው ክፍል ስለ ቤታችን ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ሥራ ሲጀምሩ ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ዛሬ ሬዚደንት የሚያሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎች በየአቅጣጫው አሉ። አንዳንዱ ዘርፍ ገና ልጅ ነው። የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው፤ የድንገተኛ ሕክምናው ደግሞ በ2010። በአዲስ ዘርፍ፣ በአዲስ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ሬዚደንት የሚከራከረው እኩያ ያጣል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጎንደር ከ700 በላይ። አንድ ላይ ተሰብስበው የሚማሩበት ቀን ጥቂት ነው። በጽሑፍ የምትመጣ አንዲት ጥያቄ ግን ኔትወርክ በደከመበትም ቦታ ትደርሳለች።

መሣሪያው አለ፤ ቴሌግራም ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ትክክለኛ መልስ ያለው የጥያቄ ምርጫ መላክ ይቻልበታል፣ የሕክምና ተማሪዎቻችንም እንዲህ ያሉ ቻናሎችን ሲከታተሉ ቆይተዋል። የጎደለው ጠባቂ ነው። ጥያቄው ከየት እንደተቀዳ አይታወቅም፣ ማብራሪያ የለውም፣ መልሱ የተሳሳተ ሲሆንም ስሕተቱ ከቻናል ወደ ቻናል ይዞራል። ሁለት ሲኒየር ሐኪሞች ያላዩት ጥያቄ ለሬዚደንት መላክ የለበትም።

ከሌላ አገር የተቀዳ ጥያቄ ደግሞ ትክክል ሆኖም ሊያሳስት ይችላል። ካላዛርን ውሰዱ። በመተማና በሁመራ ቆላ ለአጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ እብጠት ያመጣል፣ ካልታከመ ይገድላል። በአሜሪካ የተጻፈ ጥያቄ የመጀመሪያ ምርጫ መድኃኒቱን ቢጠይቅ መልሱ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ያ መድኃኒት ብቻውን በሌላ አገር የሚሠራውን ያህል አይሠራም፤ ለአብዛኛው ታካሚ ለዓመታት የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ የቆየው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አንድ ላይ ለ17 ቀን የሚሰጡበት ሕክምና ነው። ኤችአይቪ ላለበት ሰው ደግሞ መልሱ ይለያል። የአሜሪካውን ጥያቄ ሸምድዶ ያሸነፈ ሬዚደንት ጎንደር ሲመደብ የተሸለመበትን መልስ መተው ሊኖርበት ነው።

በዚህ ምክንያት ጥያቄውን የመጻፍ ሥራ ከመመለሱ ይበልጥ ዋጋ አለው እላለሁ። የጎንደር ሬዚደንቶች ስለ ካላዛር ይጻፉ፤ የሊሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከሉ አጠገባቸው ነው። በደጋው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ገበሬዎችን ስለሚያጠቃው የእግር ዝሆኔ፣ በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልጆችን የልብ በር ስለሚያበላሸው የሩማቲክ ልብ ሕመም፣ በየዋርዱ ስላለው ሳንባ ነቀርሳ የየአካባቢው ፕሮግራም የሚያውቀውን ይጻፍ። አንድ ጥሩ ጥያቄ ለመጻፍ ሦስት አሳማኝ የሆኑ የተሳሳቱ መልሶች ማዘጋጀት ያስፈልጋል። እነዚያን ሦስት ለመጻፍ ደግሞ ሰው የት እንደሚሳሳት ማወቅ ግድ ነው፤ የራስን ዋርድ ስሕተቶች ካላዩ አይጻፍም። በዚህ ዓይነት ውድድር ትንሹ ፕሮግራም ትልቁን የሚያስተምርበት ሳምንት ይኖራል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም ማታ አንድ ሰዓት ሰጥተው ጥያቄ መመርመር ይችላሉ፤ ትኬት አይቆረጥበት፣ ቪዛ አይጠየቅበት።

የሥልጠና ኃላፊዎች ሆይ፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ከትልቅ መድረክ አትጀምሩ። ሁለት ወይም ሦስት ፕሮግራሞች ተስማምታችሁ በየሦስት ቀኑ አንድ ጥያቄ ላኩ፣ ከነማብራሪያው፤ የተሳሳቱትን መልሳችሁ ጠይቁ። በነጥብ ፈንታ ከሬዚደንቶቻችሁ ስንት በመቶው እንደመለሰ ቁጠሩ። በወሩ መጨረሻ የአንደኛውን ስም ከመለጠፋችሁ በፊት በሁሉም ሆስፒታሎች በብዛት የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ለጥፉና በጠዋቱ ትምህርት ተነጋገሩበት። የሰው ስም ያለበትን ሰንጠረዥ ለምዘና አትጠቀሙ። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ድገሙት፤ ካልተሻሻላችሁ ተዉት።